ዋናና ዋናው መድኃኒት

ሰው ሕመሙን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በሚሰማው ስሜት ነው። ጥርሱ የነቀዘበት ጉንጩን ይዞ ያድራል፤ ሆዱን የቆረጠው ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ ወባ የያዘው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ከፍተኛ የደም ግፊት ግን ከዚህ ሥርዓት የወጣ ነው። ከቤታችን ገብቶ፥ ከማዕዳችን ቀርቦ፥ ብዙ ዓመት አብሮን ሲኖር አንድም ቀን «አለሁ» ላይል ይችላል። ስለዚህ በስሜቱ ብቻ ተመርቶ «ደኅና ነኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ይልቁንም በየሳምንቱ ወደ ገንዳ ወርዶ የሚዋኝ ሰው ለዚህ ስሕተት ከሌላው ይበልጥ የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን። ከውሃ ሲወጣ ሰውነቱ ቀሎት፥ ደረቱ ሰፍቶት፥ እንቅልፉም ጣፍጦት እያደረ፥ ሕመምተኛ መሆኑን ማን ያሳምነዋል? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነገር ነው።

እኛ የልደታ ሰፈር ነዋሪ ነን። ፊደል የቈጠርነው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው፤ ዳዊት ደግመን ድቁና የተቀበልነውም በዚያው ነው፤ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን እነሆ ዛሬ ልጆች እናስተምራለን። ዕድሜያችን አርባን ከተሻገረ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያ ብንሄድ፥ በክንዳችን ላይ የታሰረው መለኪያ 156 በ98 አሳየ። በሌሎች ሁለት ቀናት ተለክቶም ከዚያ ብዙ አልራቀም። የሚያመን ነገር ግን ምንም አልነበረም። ሐኪሙ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልን፤ ጨው እንድንቀንስና ሰውነታችንን እንድናንቀሳቅስም መከረን። ጉልበታችን ሩጫን ስለማይችል፥ በልጅነታችን በወንዝ የተማርነውን ዋና መረጥን። ከዚያ ወዲህ ከልደታ በቀላል ባቡር ተሳፍረን፥ በስታዲየም ጣቢያ ወርደን፥ በሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ መዋኛ እንሄዳለን።

«ድቁና ለተቀበለ ሰው ዋና ምኑ ነው?» የሚሉን አሉ። ለእነዚህ ወንድሞች የሐዋርያት ሥራን 27ኛ ምዕራፍ እናስታውሳቸዋለን። ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ በመላጥያ ደሴት አጠገብ ስትሰበር በውስጧ 276 ነፍስ ነበረ። የመቶ አለቃው አስቀድመው ዋና የሚያውቁት ወደ ባሕር እንዲወርዱ አዘዘ፤ የቀሩት በሳንቃና በመርከቢቱ ስባሪ ላይ ሆነው ተከተሉ፤ ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ደረሱ። ነፍስ ያዳነ ሙያ ነውር ሊሆን አይችልም። ሥርዓቱን መጠበቅ ግን ተገቢ ነው፤ ሥጋ ወደሙ በተቀበልንበት ዕለት ወደ ገንዳ አንሄድም፤ በአለባበስም በአኳኋንም ጨዋነት ከእኛ እንዳይለይ እንጠነቀቃለን።

አሁን ወደ ሕመሙ እንመለስ። ሕዝባችን ይህን ሕመም «ደም ብዛት» ይለዋል። ይህ ስም ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። «ደም ከበዛ ማጕደል ነው» እያሉ በዋግምት የሚታገሙና የሚበጡ ነበሩ። ነገሩ ግን የደም መብዛት አይደለም፤ ደም በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል መበርታት ነው። በመለኪያው ላይ የምናነበው የላይኛው ቍጥር ልብ ተጨብጣ ደሙን ስትገፋ ያለውን ኃይል፥ የታችኛው ደግሞ ልብ በምታርፍበት ቅጽበት የሚቀረውን ኃይል ያመለክታል።

ይህን ኃይል መጀመሪያ የለካው ሰው ሐኪም ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር ብንል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። ስቲቨን ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ካህን በአንዲት ባዝራ የደም ሥር ላይ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ቢያገናኝ ደሙ በቱቦው ውስጥ ወደ 2 ሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ ወጣ፤ ይህንንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1733 ባሳተመው መጽሐፉ ገለጸ። ሥር ሳይቆረጥ በክንድ ላይ በሚታሰር መጠቅለያ መለካትን ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896 አሳወቀ፤ ያ ዓመት አባቶቻችን በአድዋ ድል ያደረጉበት ዓመት ነው። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የደም ሥሩን ድምፅ በማዳመጥ ሁለቱንም ቍጥር ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አስተማረ። ዛሬም በየጤና ጣቢያው ማዳመጫውን በክንዳችን ማጠፊያ ላይ አኑረው የሚለኩን በዚሁ በእርሱ መንገድ ነው።

ቍጥሩ የሚነገረው በሜርኩሪ ሚሊሜትር ነው። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ስለሚከብድ፥ 140 የተባለው ግፊት 1 ሜትር ከ90 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከሚያሳርፈው ጫና ጋራ እኩል ነው። ዋናተኛ ወደ ገንዳው ወለል ሲጠልቅ በጆሮው ላይ የሚሰማውን ጫና ያስብ። ለእርሱ ይህ ጫና የጥቂት ሴኮንድ ነገር ነው፤ ወዲያው ወደ ላይ ወጥቶ ይተነፍሳል። የደም ሥሮቻችን ግን የሚወጡበት የላቸውም። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች፤ በእያንዳንዱም ምት ሥሮቹ ከልክ ያለፈውን ጫና ይቀበላሉ። ውሎ አድሮ ግድግዳቸው ይደድራል፤ ልብ ከልክ በላይ ስትሠራ ትወፍራለች ኋላም ትደክማለች፤ ኵላሊት ማጣራት ያቅተዋል፤ የዓይን ብርሃን ይጎዳል፤ በአንጎል ውስጥ ያለው ቀጭን ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል። ይህን የመጨረሻውን ሐኪሞች ስትሮክ ይሉታል።

ሕመሙ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መግለጫ፥ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆነ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፥ ከነዚህም ወደ ግማሽ የሚጠጉት መታመማቸውን እንደማያውቁ አስታውቋል። በአገራችን በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው አገር አቀፍ ጥናትም ከመቶ ሰው 16 ያህሉ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ በአንድ ዕድር 100 አባላት ቢኖሩ ምን ያህሉ ይህን ዝምተኛ እንግዳ በቤታቸው እንዳኖሩ አንባቢ ራሱ ያስላው።

አንድ የዋና ባልንጀራ አለን። በዕድሜ ስለሚበልጡን «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ በሒሳብ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኛ አሥር ምልልስ ዋኝተን ስናርፍ እርሳቸው ሠላሳ ይዋኙ ነበር። ግፊት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ኪኒንም ታዞላቸው ነበር። አንድ ቀን በገንዳው ጠርዝ ተቀምጠን ሳለ፥ «መምህር፥ ኪኒኑን ከተውኩት አምስት ወር ሆነኝ። ዋና እያለ ኪኒን ትርፍ ነው። ስሙንስ አላዩትም? ዋና ነው!» ብለው ሣቁ። ለዚህም ማስረጃ ነበራቸው፤ ከዋና በወጡ በሰዓት ጊዜ ውስጥ በመድኃኒት ቤት እየተለኩ ግፊታቸው ደኅና ሆኖ ያዩት ነበር። ሐኪማቸውን ሳያማክሩ መተዋቸው ደግ እንዳልሆነ ነገርናቸው። «እርስዎ የመጽሐፍ ሰው ነዎት፤ እኔ ግን የራሴን ሰውነት አውቀዋለሁ» አሉን።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቢቆዩ ነው። አንድ ጠዋት የጫማቸውን ማሰሪያ ሊያስሩ ጎንበስ ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ አፋቸውም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ቤተ ሰቡ «ምች መታቸው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አሸተታቸው፤ ጋቢ አልብሶም አስተኛቸው። ወደ ሆስፒታል ሲደርሱ ቀኑ ተጋምሶ ነበር፤ ግፊታቸውም ከ200 በላይ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አሉ፤ በምርኩዝም ይሄዳሉ። ዳሩ ግን ዕድሜ ልካቸውን ቍጥር የጻፈችው ቀኝ እጃቸው ዛሬ ማንኪያ አትይዝም። ልንጠይቃቸው በሄድንበት ቀን ባለቤታቸው ቡና እያቀረቡ፥ «ያ ሁሉ ዋና የት ገባ?» ብለው አለቀሱ። እርሳቸው ደግሞ ቃሉ እየከበዳቸው፥ «ሰውነቴ እኮ ደኅና ነበር» አሉን። በእውነቱ የሰውየው ምስክርነት ሐሰት የለበትም፤ ሰውነታቸው ደኅና ሆኖ ይሰማቸው ነበር። የዚህ ሕመም ክፋቱም ይኸው ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር በልብህ ያዝ። የሰው ፊት በድንገት ወደ አንድ ወገን ቢጣመም፥ አንድ ክንድ ወይም አንድ እግር ቢዝል፥ ንግግርም ቢተሳሰር፥ ምች ነው ለከፋ ነው እያሉ መከራከሪያ ጊዜ የለም። ሳይውል ሳያድር በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል፤ በአንጎል ሕመም የሚባክን እያንዳንዱ ደቂቃ የማይመለስ ነገር ይዞ ይሄዳልና።

ታዲያ ዋና አይጠቅምም ማለታችን ነውን? ከቶ አይደለም። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈና ግፊታቸው በመጠኑ ከፍ ያለ ሰዎች ለ12 ሳምንት ዋና ቢለማመዱ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ ከ131 ወደ 122 መውረዱን አሳይቷል። በጠቅላላውም እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ዘወትር ሲደረግ የሕመምተኛውን የላይኛ ግፊት ከ5 እስከ 8 ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ ይታወቃል። የደም ሥሮቹ ይለሰልሳሉ፤ ልብ በጥቂት ድካም ብዙ ሥራ መሥራት ትለምዳለች፤ ጭንቀት ይቀላል። ውሃ ሰውነትን ስለሚሸከምም ጉልበትና ወገብ አይጎዱም። ነገር ግን ሂሳቡን እንመልከት፤ ግፊቱ 170 የሆነ ሰው በዋና 8 ቢቀነስለት 162 ይቀረዋል። ይህ ደግሞ ገና የአደጋ ቍጥር ነው። ከዚህም በላይ የዋና ጥቅም የሚቆየው ዋናው እስከ ቆየ ድረስ ነው፤ በክረምት ዝናብ ወይም በጉንፋን ምክንያት ጥቂት ሳምንት ሲቋረጥ ያተረፈልን ነገር ቀስ በቀስ ይመለሳል።

እኛም በዋና በአራተኛው ወር 126 በ80 ሆኖ ቢገኝልን፥ ኪኒኑን ማቆም ይቻል እንደ ሆነ ሐኪሙን ጠይቀን ነበር። እርሱም፥ «መምህር፥ ግፊትዎ የወረደው መድኃኒቱን እየዋጡ ስለ ዋኙ ነው። ምሰሶውና ማገሩ አብረው ቤቱን ቢያቆሙት፥ ቤቱ ቆሟልና ምሰሶውን እንንቀል ይባላል?» አለን። ቀጥሎም፥ ግፊቱ ለብዙ ወራት ዝቅ ብሎ ከጸና መጠኑን መቀነስ የሚቻልበት ጊዜ እንዳለ፥ ይህንንም የሚወስነው በልክ የሚከታተለው ሐኪም እንጂ ሕመምተኛው በገንዳ ዳር ተቀምጦ እንዳልሆነ ገለጸልን። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃላችን አንድ ነው፤ ዋና ስሙ ዋና ቢሆንም ዋናው መድኃኒት ግን እርሱ አይደለም።

የሚዋኝ የግፊት ሕመምተኛ በውሃው ውስጥ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ሰው እስከ አንገቱ በውሃ ውስጥ ሲቆም፥ የውሃው ጫና ከእግርና ከሆድ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ደም ወደ ደረት ይገፋል። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል፤ ግፊት ያደከመው ልብ ግን ሊከብደው ይችላል። ስለዚህ በዝግታ መግባት፥ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎችም በለሆሳስ መዋኘት ይገባል። በውሃ ውስጥ ሳሉ ትንፋሽ ባልተለመደ መንገድ ቢያጥር፥ ሳል ቢመጣ፥ አረፋ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ቢወጣ፥ ውሃ በሳንባ መቋጠሩ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ወጥቶ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ደረት ቢጨምቅም እንዲሁ።

ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲነካን የቆዳችን ሥሮች ይኰማተራሉ፤ ግፊቱም በቅጽበት ይወጣል። በጥር 11 ንጋት በጎንደር ጥምቀተ ባሕሩ እንደ ተባረከ ወጣቶች በደስታ ዘለው ሲገቡ እናያለን፤ ለወጣት ደስ ይላል፤ ግፊት ያለበት ጎልማሳ ግን በረከቱን ሲረጭ ወይም በእጁ ጥቂት ቀድቶ ሲቀባ በረከቱ አይጎድልበትም። በፍል ውሃ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ የተቈረቈረችበት ምክንያት የሆነው ፍል ውሃ፥ እንደ ሶደሬም ያሉት ሥሮቹን ያሰፋሉ፤ ግፊቱም ይወርዳል። ኪኒን የዋጠ ሰው በሞቀው ውሃ ብዙ ቆይቶ በድንገት ብድግ ቢል ዓይኑ ሊጨልምበት፥ ሊወድቅም ይችላል። ጠጅ ወይም አረቄ ቀምሶ መግባት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ከማንኛውም ገንዳ ስንወጣ በጠርዙ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጠን፥ ውሃ ተጐንጭተን፥ ቀስ ብለን እንነሣለን፤ ዋናተኛ ቢላብም ላቡ ስለማይታየው የሚጠማ አይመስለውም።

ትንፋሽን ይዞ በውሃ ውስጥ ርቀት መወዳደርም ለእኛ አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በቆላ የዋኘነውን ያህል እዚህ እንዋኝ ብንል ቶሎ ያለከልከናል። ልኩን የምናውቅበት ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ምልልስ ጨርሰን ግድግዳውን ስንይዝ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ቃሉን ሳንቈራርጥ መድገም ከቻልን ልካችን ነው፤ ካልቻልን ፍጥነቱን እንቀንሳለን። በዚህ ዓይነት በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ያህል ብንዋኝ የሚፈለገው ተፈጸመ። የዕረፍት ግፊቱ የላይኛው 180፥ ወይም የታችኛው 110 ደርሶ የተገኘ ሰው ግን በዚያ ቀን ገንዳውን ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

መድኃኒቶቹም ጠባያቸው ይለያያል። ሽንት የሚያበዛው ኪኒን ሰውነትን ውሃ ያስጠማል፤ የልብ ምትን የሚያዘገየው ደግሞ ምቱ በሥራ ጊዜ እንዳይጨምር ይይዘዋልና ምት እየቈጠሩ ድካምን መለካት አይቻልም። አምሎዲፒን የሚባለው ቍርጭምጭሚትን ሊያሳብጥ ይችላል፤ ኢናላፕሪልም ደረቅ ሳል ያመጣ ይሆናል። ይህ ሲሆን ለሐኪም ነግሮ ማስለወጥ እንጂ በራስ ሥልጣን መተው አይገባም። ደግሞም ዋናተኛ ትከሻውን ሲያመው ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ ይወዳል፤ እነዚህ ግፊትን ከፍ የሚያደርጉና ኵላሊትን የሚጎዱ ስለ ሆኑ ሳይጠይቁ መውሰድ አደጋ ነው።

ስለ መለካት እንናገር። ከዋና በኋላ ግፊት ለጥቂት ሰዓት ዝቅ ይላል፤ ጋሼን ያታለላቸው ይህ ነው። እውነተኛው ልክ የሚገኘው በጠዋት፥ ከዋናም ከኪኒንም በፊት ነው። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ማሳለፍ፥ ሽንት መሽናት፥ ጀርባን አስደግፎ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፥ እግርን ሳያነባብሩ መሬት ማስረገጥ፥ ክንድንም በልብ ትክክል ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ በደብተር ይጻፋል። በጤና ጣቢያ 140 በ90፥ በቤት 135 በ85 እየደጋገመ የሚደርስ ግፊት ከፍተኛ ይባላል።

ጨውን በተመለከተ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በእኛ ቤት በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባበታል፤ ወጡ ሲወጣ እንደ ገና ይነሰነስበታል። በጾም ወራት ደግሞ ቅቤው የቀረበትን ጣዕም በጨው ለመካስ እጃችን ይረዝማል። የጾም ምግባችን፥ ምስሩ፥ አተሩ፥ ጎመኑ፥ ለግፊት ሕመምተኛ እጅግ የሚስማማ ሆኖ ሳለ በጨው ብዛት በረከቱን ማጥፋት ያሳዝናል። በነጭ ሽንኩርት፥ በዝንጅብል፥ በሎሚም ጣዕም ማምጣት ይቻላል።

ጾም ከተነሣ ዘንድ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ውጦ፥ ውሃ ሳይቀምስ ወደ ገንዳ ቢወርድ ማዞር ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በጾም ወራት ጾሙን ከፈታን በኋላ ማታ እንዋኛለን፤ የኪኒኑንም ሰዓት በሐኪም ፈቃድ አዛወርን። ይህ የማይሆንለት ሕመምተኛ ለነፍስ አባቱ ገልጾ ምክር ይቀበል። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝዝ በሥጋ ድካም ለተያዘው ቦታ ትቶለታል፤ ከነፍስ አባት ሸሽጎ መድኃኒት ማቋረጥ ጽድቅ አይደለም።

ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። «ጠበል እየጠጣሁ ኪኒን ብውጥ እምነቴ ይጎድላል» ብለው የሚሠጉ ምእመናን አሉ። አምስተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ጠበል ይጠመቁ ለነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱና ጠበሉ እንደማይጣሉ፥ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ አስታውቀዋል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። መድኃኒትን የፈጠረውና ጠበልን የባረከው አንዱ እግዚአብሔር ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት የሶርያው አለቃ ንዕማን ከለምጹ ይነጻ ዘንድ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲጠልቅ ነቢዩ ኤልሳዕ ቢልክበት፥ ነገሩ ቀለለበትና ተቈጥቶ ነበር። ከባድ ነገር ቢታዘዝ ያደርገው እንደ ነበር አገልጋዮቹ አስረዱት። እኛም ሠላሳ ምልልስ ዋኝ ብንባል እንዋኛለን፤ ይህ ጉልበት የሚታይበት፥ ሰው የሚያደንቀው ሥራ ነውና። በቀን አንዲት ትንሽ ኪኒን፥ በወጥ ላይ አንድ ቁንጥጫ ጨው መተው፥ በሳምንት ጥቂት ቀን ክንድን ለመለኪያ መስጠት ግን ስለ ቀለለብን ይከብደናል። ኪኒናችንን ከውዳሴ ማርያም መጽሐፋችን አጠገብ እናኖራለን፤ ጸሎቱ ሲደርስ ኪኒኑ ይታወሰናል።

በመላጥያ ባሕር ዋና የሚያውቁት በዋና፥ ያላወቁት በሳንቃ ዳኑ። ግፊት ያለበት ዋናተኛ ግን ዋና ያውቃልና ሳንቃውን ይጣል አይባልም። ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ወደቡም ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፥ በመጪው ሳምንት በቤታችሁ ያሉትን አዋቂዎች ሁሉ፥ ይልቁንም «እኔ ደኅና ነኝ» የሚሉትን፥ ወስዳችሁ አስለኩ፤ ኪኒን የተወ ካለ ዛሬውኑ ወደ ሐኪሙ መልሱት። ቸሩ አምላካችን የነፍስንም የሥጋንም ጤና ይስጠን፤ አሜን።